ደመወዙ ለስንት ሰዓት ነው? የኬሚካል ፋብሪካ ቀጣሪዎችን ያወዳደርኩበት መንገድ

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የቅጥር ደብዳቤ ደረሰኝ። ሁለቱም ከኬሚካል ፋብሪካ፣ ሁለቱም ለፈረቃ ኢንጂነርነት። የአንዱን ደመወዝ 100 ብንለው የሌላው 118 ነበር። 118 የሚከፍለው ስሙ የታወቀ፣ በብዙ አገር ፋብሪካ ያለው ትልቅ ድርጅት ነው። 100 የሚከፍለውን ግን ሌላው ቀርቶ አብረውኝ የተማሩት ልጆች እንኳ "ማን ነው ደግሞ እሱ?" ነው ያሉኝ።

ለመወሰን አንድ ቀን አልፈጀብኝም። 118 ከ100 ይበልጣል። ትልቅ ድርጅት ከትንሽ ይሻላል። አለቀ።

ያ ስሌት የት ላይ እንደተበላሸ ለማወቅ ሦስት ወር፣ ለማስተካከል ደግሞ አራት ዓመት ፈጀብኝ። አሁን ሁለት ደብዳቤ ፊታችሁ ዘርግታችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በገባሁ በሦስተኛው ወር ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ ፋብሪካውን በስክሪን የምንቆጣጠርበት ክፍል፣ ኮንትሮል ሩም ውስጥ ነን። ፕላንቱ ረግቷል፤ የሚጮህ አላርም የለም። አብረውኝ ያሉት ኦፕሬተር በ20 ዓመት ይበልጡኛል። እኔ ወንበሬ ላይ እያንቀላፋሁ ነው። በዚያ ሳምንት ሌሊት ስገባ ስድስተኛዬ ነበር፤ ሁለቱ የእኔ ተራ አልነበሩም።

"አንተ ልጅ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠራ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"ያው እንደ ሰዉ ነዋ፣ ጋሼ።"

ከሎግ ሺቱ፣ ከፈረቃው መመዝገቢያ ወረቀት ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ 168 ብለው ጻፉ። "አንድ ሳምንት ውስጥ ያለው ሰዓት ይሄ ነው። ፋብሪካው አይተኛም። ስለዚህ እዚህ ወንበር ላይ ሁሌም ሰው መኖር አለበት። በል ለአራት አካፍለው።"

42።

"ለአምስትስ?"

33 ነጥብ 6።

"እኛ አራት ቡድን ነን። ያውም በወረቀት።" ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የፈረቃ ሰንጠረዥ በእስክሪብቶው ጠቆሙኝ። የሁለት ሰው ስም በነጭ ማጥፊያ ጠፍቷል። በላዩ ላይ የእኔና የሌላ ልጅ ስም በቀይ ተጽፏል። በየቀኑ የማልፈው ሰንጠረዥ ነው። ቀዩ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ያ ስሙን ማንም የማያውቀው ድርጅት አምስት ቡድን እንዳለው ቃለ መጠይቁ ላይ ነግረውኝ ነበር። ሰምቼ አሳለፍኩት። በማግስቱ ቤቴ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 118 ለ42 ሲካፈል 2.81 ይመጣል። 100 ለ33.6 ሲካፈል 2.98። በሰዓት ሲመነዘር "ትንሹ" ድርጅት በ6 በመቶ ገደማ ይበልጥ ይከፍል ኖሯል። እኔ በየሳምንቱ 8 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ጨምሬ እየሠራሁ፣ ያንን የደመወዝ ብልጫ ብዬ ይዤዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ነገሩ ሁሌ እንዲህ ግልጽ አይደለም። ብዙ የአምስት ቡድን ፋብሪካ 33.6ን እንዳለ አይተውላችሁም። ውሉ 37 ወይም 38 ሰዓት ከሆነ፣ ቀሪውን በሥልጠና ወይም በቀን ሥራ ያስሞላችኋል። ስለዚህ "ስንት ቡድን ናችሁ?" ብላችሁ አታቁሙ። "በዓመት በጠቅላላው ስንት ቀን እገባለሁ?" በሉ። ለእሱ መልስ የሌለው ፋብሪካ የለም፤ ሊነግራችሁ የማይፈልግ ግን ይኖራል።

ደግሞ የተጨማሪ ሰዓቱ ክፍያ በትክክል ይገባልኝ ነበር፤ ለሰው አልዋሽም። ሰው የጎደለበትን ቦታ ስሞላ ደህና ገንዘብ አገኛለሁ። ችግሩ፣ ገንዘቡ ነበረኝ እንጂ የምደሰትበት ጊዜ አልነበረኝም።

"ትልቅ" ሲባል በምን?

በሙያችን በየዓመቱ የሚጠበቅ ዝርዝር አለ፤ የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት የሚያወጣው የ50 ትልልቅ የኬሚካል ኩባንያዎች ደረጃ። የጀርመኑ ቢኤኤስኤፍ፣ የቻይናው ሲኖፔክ፣ የአሜሪካው ዳው ከላይ ከላይ ደጋግመው ይታያሉ። ተማሪ ሆነን ዝርዝሩን እንደ እግር ኳስ ሰንጠረዥ ነበር የምናየው። ከላይ ያለው ጋ መግባት ዋንጫ ነው።

ዝርዝሩ የሚደረደረው ግን በኬሚካል ሽያጭ ነው። በሠራተኛ ብዛት አይደለም፣ በደመወዝም አይደለም። ይሄ ለባለአክሲዮንና ለገዢ ይጠቅማል። ለተቀጣሪ የሚነግረው ነገር ትንሽ ነው።

ከኦፕሬተሩ ትምህርት በኋላ የማካፈል በሽታ ያዘኝ። ሽያጩንም ለሠራተኛ ቁጥር ማካፈል ጀመርኩ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2023ን እንውሰድ። ቢኤኤስኤፍ 68.9 ቢሊዮን ዩሮ ሸጧል፤ ሠራተኛው ወደ 112 ሺህ ነው። በነፍስ ወከፍ 615 ሺህ ዩሮ ገደማ። ዳው 44.6 ቢሊዮን ዶላር ለ36 ሺህ ሰው ገደማ፤ በነፍስ ወከፍ ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ሊዮንደልባዝል ወደ 41 ቢሊዮን ዶላር ለ20 ሺህ ሰው፤ ሁለት ሚሊዮን ዶላር አካባቢ። የፈረንሳዩ ኤር ሊኪድ ደግሞ 27.6 ቢሊዮን ዩሮ ለ67 ሺህ ሰው ገደማ፤ ይህ በነፍስ ወከፍ ከ400 ሺህ ዩሮ ብዙም አይርቅም።

መጀመሪያ ሳየው "በቃ፣ ሊዮንደልባዝል ነው የሚያዋጣው" አልኩ። ሁለት ሚሊዮን የሚያስገባ ሰው ሁለት ሚሊዮን የሚመጥን ነገር ያገኛል ብዬ። ሞኝነት ነው። የሊዮንደልባዝል ሠራተኛ ከኤር ሊኪዱ አራት አምስት እጥፍ አይሠራም። ልዩነቱ ያለው በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው ነገር ላይ ነው። ሊዮንደልባዝል ያኔ ሂውስተን ላይ ድፍድፍ ዘይት ማጣሪያ ነበረው፤ በ2025 መጀመሪያ ነው የዘጋው። የቀረውም ሥራው በአብዛኛው ኤቲሊን፣ ፖሊኤቲሊን፣ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ፕላስቲክና የፕላስቲክ ግብዓት ማለት ነው። ውድ ጥሬ ዕቃ በአንድ በኩል ይገባል፣ ትንሽ ተጨምሮበት በሌላ በኩል ይወጣል። ሽያጩ ውስጥ የሚቆጠረው ገንዘብ አብዛኛው ወደ ጥሬ ዕቃ ሻጩ የሚሄድ ነው። የኤር ሊኪድ ዋናው ጥሬ ዕቃ ደግሞ አየር ነው። አየሩን አቀዝቅዞ ኦክስጅን፣ ናይትሮጅን፣ አርገን ይለያል። አየር በነፃ ነው፤ ወጪው ኤሌክትሪክና ሰው ነው። ሲሊንደር የሚሞላ፣ የሚያመላልስ፣ ቤቱ ላለ በሽተኛ ኦክስጅን የሚያደርስ ሁሉ ሠራተኛ ሆኖ ይቆጠራል።

ታዲያ ይሄ ቁጥር ከንቱ ነው? አይደለም። ሌላ ነገር ነው የሚናገረው። በነፍስ ወከፍ ሽያጩ በጣም ትልቅ የሆነ ቦታ፣ በጣም ውድ ማሽን ላይ ጥቂት ሰው የተቀመጠበት ነው። ደመወዝ ከጠቅላላ ወጪው ትንሿ ክፍል ስለሆነች ደህና መክፈል አይከብደውም። ግን ሰውም አይተርፍለትም። አንድ ሰው ሲታመም ክፍተቱ ወዲያው ይሰማል፤ ቀዩ እስክሪብቶ ይወጣል። የእኔ የመጀመሪያ ፋብሪካ እንደዚህ ነበር። በስፔሻሊቲ ኬሚካል ቦታዎች፣ ማለትም ቀለም፣ ማጣበቂያ፣ የኮስሞቲክስ ግብዓት፣ ተጨማሪ ንጥረ ነገር በሚሠሩት፣ ምርቱ በየጊዜው ስለሚቀያየር ብዙ እጅ ይፈልጋል። ደመወዙ ብዙ ጊዜ ያንሳል። የምትማሩት ነገር ግን ይበዛል፤ እኔ በሁለተኛው ፋብሪካ በአንድ ዓመት ያየኋቸውን የሪአክሽን ዓይነቶች በመጀመሪያው በአራት ዓመት አላየሁም።

ሌላው ደግሞ ዋጋ ነው። ዳው በ2022 ወደ 56.9 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ ነበር። በዓመቱ 44.6። አሥራ ሁለት ቢሊዮን ሲጠፋ ኦፕሬተሩ አልሰነፈም፤ የገበያው ዋጋና ፍላጎት ነው የወረደው። ኩባንያው በጥር 2023 ወደ 2,000፣ በጥር 2025 ደግሞ ወደ 1,500 የሥራ መደብ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ይህን የምጠቅሰው ዳው መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ትልቅነት ጃንጥላ ይመስለን ስለነበር ነው። ሊዮንደልባዝልም ቢሆን በታኅሣሥ 2007 በውህደት ተፈጠረ፤ ገና አንድ ዓመት አለፍ ሲለው፣ በጥር 2009፣ የአሜሪካው ክፍል የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በ2010 ወጣ። ዛሬም ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ግን በዚያ መሀል የነበረው ሠራተኛ እንቅልፍ ነበረው ብላችሁ ታስባላችሁ?

ከዚህ ሁሉ የወደድኩት ምሳሌ የቢኤኤስኤፍ ነው። በየካቲት 2023 ጀርመን ውስጥ ባለው ዋና ግቢው፣ ሉድቪግስሃፈን ላይ አሞኒያን ጨምሮ አንዳንድ ፕላንቶችን እንደሚዘጋ፣ በዓለም ዙሪያ ወደ 2,600 መደብ እንደሚነካ ተናገረ። ሉድቪግስሃፈን ቀላል ቦታ አይደለም፤ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያረፈ፣ ያኔ ወደ 39 ሺህ የኩባንያው ሠራተኛ የነበረበት ግቢ ነው። ሆኖም እዚያ ከሠራተኛው ጋር የተፈረመ ስምምነት ነበር። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ሠራተኛን በግዴታ ማሰናበት አይቻልም ይል ነበር። ስለዚህ ፕላንቱ ሲዘጋ ሰውን ወደ ሌላ ፕላንት ማዘዋወር የኩባንያው ራስ ምታት ሆነ። ሰውየውን ያዳነው የ112 ሺህ ሠራተኛ ድርጅት ውስጥ መሆኑ ሳይሆን የተፈረመችው ወረቀት ናት። እኔም ከዚያ ወዲህ "ስንት ሠራተኛ አላችሁ?" ከማለቴ በፊት "የኅብረት ስምምነት አላችሁ? የሚያበቃው መቼ ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ።

ማን ተቆጠረ፣ ማን አልተቆጠረም?

የመጀመሪያው ፋብሪካችን በወረቀት 400 ያህል ሠራተኛ ነበረው። አንድ ጠዋት በር ላይ ባጄ እምቢ ብሎኝ ጥበቃው እስኪፈታው ድረስ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ሥራ አልነበረኝምና የሚገባውን ሰው የራስ ቁር ቀለም ስቆጥር ቆየሁ። ነጭ የኩባንያው ነው። ቢጫ የኮንትራክተር፣ ማለትም ሥራውን በውል የወሰደ የሌላ ድርጅት። ለአንድ ነጭ ሁለት ቢጫ ያህል ይገባል። ጥገናው፣ ስካፎልዲንጉ፣ ኢንሱሌሽኑ፣ ጭነቱ፣ ጽዳቱ፣ የላቦራቶሪው ግማሽ ቢጫ ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን 400 ብቻ።

ሁለት ኩባንያ በሠራተኛ ብዛት ሲወዳደር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። አንዱ ጥገናውን በራሱ ሰው ይሠራል፣ ሌላው ያስወጣዋል። የመጀመሪያው "ብዙ ሠራተኛ ያለው፣ ምርታማነቱ ዝቅ ያለ" ይመስላል፤ ሁለተኛው "ቀልጣፋ"። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ግን እኩል ሊሆን ይችላል። ለእናንተ ያለው ልዩነት ሌላ ነው፦ ፓምፕ ሲበላሽ ፕላንቱን የሚያውቅ ሰው ይመጣል ወይስ ትናንት የገባ?

የኮንትራክተር ጉዳይ የሒሳብ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2005 አሜሪካ፣ ቴክሳስ ሲቲ በሚገኘው የነዳጅ ኩባንያው የቢፒ ማጣሪያ ላይ በደረሰው ፍንዳታ 15 ሰው ሞተ። ሁሉም የኮንትራክተር ሠራተኞች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ከፕላንቱ አጠገብ የቆሙ ጊዜያዊ የቢሮ ተጎታቾች ውስጥና አጠገብ ነበሩ። የአንድን ድርጅት የአደጋ ቁጥር ስታዩ ኮንትራክተርን ያካትት እንደሆነ ለዩ።

በአደጋ ቁጥር ደግሞ እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። የሁለት ድርጅት ሪፖርት አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ አየሁ። አንዱ 0.4 ይላል፣ ሌላው 1.5። ባለ 0.4ው አራት እጥፍ ያህል ይሻላል ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። ኋላ ከገጹ ግርጌ በትናንሽ ፊደል የተጻፈውን አነበብኩ። ባለ 0.4ው የሚያሰላው በ200 ሺህ የሥራ ሰዓት ስንት አደጋ ደረሰ ብሎ ነው። ይህ የአሜሪካኖቹ ልማድ ነው፤ 100 ሰው በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 50 ሳምንት ሲሠራ ማለት ነው። ሌላው በ1 ሚሊዮን ሰዓት ነው የሚያሰላው፤ ብዙ የአውሮፓ ኩባንያ እንደዚያ ያደርጋል። ልዩነቱ አምስት እጥፍ ነው። 0.4 በአምስት ሲባዛ 2 ይሆናል። ስለዚህ ባለ 1.5ው ነበር የሚሻለው። ጓደኞቼን እንደገና ሰብስቤ ማረም ነበረብኝ፤ ደስ አይልም።

አንዳንዴ ደግሞ የሠራተኛ ቁጥሩ የሚዘለው በቅጥር ወይም በቅነሳ ሳይሆን በወረቀት ነው። ዳውና ዱፖንት በ2017 ተዋሐዱ፣ በ2019 ደግሞ ዳው፣ ዱፖንትና ኮርቴቫ ሆነው ሦስት ተከፈሉ። ሊንደና ፕራክስኤር በ2018 አንድ ሆኑ። ኮቬስትሮ በ2015 ከባየር ወጣ። የአምስት ዓመት ግራፍ ሠርታችሁ "ይሄ ድርጅት ሠራተኛ እያባረረ ነው" ከማለታችሁ በፊት የተሸጠ ክፍል እንዳለ እዩ። የሚሸጥ ክፍል ውስጥ ልትቀጠሩ ከሆነ ደግሞ ጡረታችሁና የአገልግሎት ዘመናችሁ አብሯችሁ ይሻገር እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ደመወዙን ከየት ማግኘት ይቻላል?

ደመወዝ የሚነግሩን ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የሚያጋንኑና የሚደብቁ። ስለዚህ ሰውን ከመጠየቅ በፊት ወረቀት እፈልጋለሁ።

አሜሪካ ውስጥ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ትልልቅ ኩባንያዎች ከ2018 ጀምሮ አንድ ጠቃሚ ቁጥር እንዲያወጡ ይገደዳሉ። ለባለአክሲዮን ስብሰባ በሚላከው ሰነድ ውስጥ የመካከለኛውን ሠራተኛ ዓመታዊ ክፍያና ዋና ሥራ አስፈጻሚው ከእሱ ስንት እጥፍ እንደሚያገኝ ይጽፋሉ። ሰው የሚያወራው ስለ እጥፉ ነው። ለእኛ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ነው። መካከለኛው ማለት ሠራተኛው ሁሉ በክፍያ ተሰልፎ ልክ መሀል ላይ የቆመው ሰው ነው። ግን ሰልፉ ውስጥ በሌሎች አገሮች ያሉትም ይቆጠራሉ። ግማሽ ሠራተኛው ደመወዝ ዝቅ ባለበት አገር የሆነ ኩባንያ መካከለኛው ዝቅ ይላል፤ ይህ ማለት እናንተን ዝቅ አድርጎ ይከፍላል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከዚህ ቁጥር ጎን ሠራተኛው በየትኛው አገር እንዳለ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አስቀምጡ። ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ስለ ሠራተኛው የሚያብራራ ክፍል በዓመታዊ ሪፖርታቸው ውስጥ ግዴታ ሆኗል፤ አንዳንዱ በዝርዝር ይጽፋል፣ አንዳንዱ ስለ "ባህላችን" ሁለት ገጽ ሙሉ ያወራል። የሚያወራውን ስታዩ ተጠንቀቁ።

የአውሮፓ ኩባንያዎች ሒሳብ ውስጥ ደግሞ የሠራተኛ ወጪ ለብቻው ይገኛል። ለአማካይ የሠራተኛ ቁጥር አካፍሉት። የሚመጣው ደመወዝ አይደለም፤ የአለቆችንም፣ የጡረታና የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮንም ይጨምራል። እኔ አንዱን ከሌላው ለማወዳደር ሳይሆን ያንኑ ድርጅት ከራሱ ያለፉ አምስት ዓመታት ጋር ለማስተያየት ነው የምጠቀምበት። የዋጋ ንረቱ ሲጨምር ይሄ ቁጥር ባለበት ከቆመ፣ ጭማሪ እየሰጡ እንዳልሆነ ገባችሁ።

ነገሩ ሁሉ ግልጽ የሆነበት ቦታ ጀርመን ነው። የኬሚካል ዘርፉ የኅብረት ስምምነት ከ1 እስከ 13 የሚደርስ እርከን አለው፤ የሥራ ሳምንቱ 37.5 ሰዓት ነው። የትኛው ሥራ የትኛው እርከን ላይ እንደሚወድቅ ተጽፏል። በ2024 በተደረሰው ስምምነት ጭማሪው 2 በመቶ ከመስከረም 2024፣ 4.85 በመቶ ደግሞ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ነበር፤ ስምምነቱ የተፈረመው ለ20 ወር ነው። ይህን ያወቀ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ "ስንት ትጠብቃለህ?" ሲባል አይንተባተብም፤ ክርክሩ ስለ እርከኑ ብቻ ይሆናል። የኅብረት ስምምነት ያለው የትኛውም ቦታ ልትቀጠሩ ከሆነ መጀመሪያ ሰንጠረዡን ፈልጉ።

አሜሪካ ውስጥ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮው የሙያ ደመወዝ ያወጣል። የኬሚካል ኢንጂነር መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ በግንቦት 2024 121,860 ዶላር ነበር። ቁጥሩ በዘርፍ ተከፋፍሎም ይገኛል፤ የማጣሪያው ከቀለም ፋብሪካው ይለያል። ሰዎች ራሳቸው የሚሞሏቸው የደመወዝ ድረ ገጾችም አሉ። አልንቃቸውም፤ ግን ሦስት ሰው ሞልቶት "አማካይ" የሚባል ነገር አለ። የሥራ መጠሪያውም ያሳስታል። አንዱ ጋ "ፕሮሰስ ኢንጂነር" ዲዛይን ይሠራል፣ ሌላው ጋ ቫልቭ ሲጣበቅ በሌሊት ይጠራል።

ስለ ቦነስ አጭር ነው የምለው። ደብዳቤዬ ላይ "እስከ 15 በመቶ" ይል ነበር። እኔ 15ቱን ከደመወዙ ጋር ደምሬ ነበር ሒሳቤን የሠራሁት። ላም አለኝ በሰማይ። የመጀመሪያው ዓመት 11 መጣ፣ ሁለተኛው 4፣ ሦስተኛው ምንም። እኔ ያንኑ ሥራ ነው የሠራሁት፤ የምርቱ ዋጋ ወረደ። አሁን የምጠይቀው "ያለፉት አምስት ዓመታት በእርግጥ ስንት ተከፈለ?" ብቻ ነው። መልሱን ካገኘሁ ትንሹን ዓመት እወስዳለሁ።

ለሁለተኛ ጊዜ ስመርጥ

ከአራት ዓመት በኋላ ሥራ ስቀይር ሦስት አማራጭ ነበረኝ። በዚህ ጊዜ ኤክሴል ከፈትኩ። የመጀመሪያው ዓምድ ደመወዝ አልነበረም፤ በዓመት የሚገባበት ሰዓት ነው። ቀጥሎ የተረጋገጠው ክፍያ፣ ያለ ቦነስ። ቀጥሎ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ግን ከሦስቱ በሁለቱ መካከል የነበረው የ5 በመቶ ልዩነት የደመወዙን ልዩነት በልቶት ነበር። ከዚያ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከክፍሉ ስንት ሰው ለቀቀ የሚለው።

የመጨረሻውን የሰው ኃይል ክፍሉ፣ ኤችአር አይነግራችሁም። እኔ ያገኘሁት ከጉብኝት ነው። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ "ፕላንቱን ማየት እችላለሁ?" አልኩ። አንዱ ድርጅት "የደህንነት ሥልጠና ሳይወስዱ አይቻልም" አለኝ፤ ደንቡ ነው፣ አልፈርድበትም። ሌላው ግን መነጽርና የራስ ቁር ሰጥቶ ኮንትሮል ሩም ድረስ አስገባኝ። ዓይኔ የሄደው ወደ ስክሪኑ አይደለም፤ ወደ ግድግዳው። የፈረቃው ሰንጠረዥ ተለጥፏል። በአንድ ቀለም ነው የተጻፈው። አምስት ቡድን፣ የተሰረዘ ስም የለም። አጠገቡ ቀጣዩ ትልቅ ጥገና የሚጀምርበት ቀን ተጽፏል፣ ገና ዘጠኝ ወር የቀረው። የሚተኩት ሰዎች ስም አሁኑኑ ተመድቧል።

እዚያ ለነበረችው ኦፕሬተር "እዚህ ስንት ዓመትሽ ነው?" አልኳት።

"11። እኔ እዚህ ቡድን ውስጥ አዲሷ ነኝ" አለች።

ደመወዙ ከሦስቱ መሀለኛው ነበር። በሰዓት ሲካፈል አንደኛ ወጣ። እዚያው ነኝ እስካሁን። ሁሉም ነገር ማር ነው ማለቴ አይደለም፤ ድርጅቱ ትንሽ ስለሆነ ወደ ላይ የሚኬድበት ወንበር ጥቂት ነው። አለቃዬ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አለቃ የመሆን ተስፋ የለኝም፤ እሳቸው ደግሞ ጤነኛ ናቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ትልቅ ድርጅት ውስጥ ቢሆን አገር ቀይሬ፣ ክፍል ቀይሬ ከፍ እል ነበር ይሆናል። ያንን የሚፈልግ ሰው ኤክሴሉ ላይ እሱንም ዓምድ ያድርገው። እኔ አላደረግሁም።

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ኢንጂነር ሁለት ደብዳቤ ይዛ መጣች። አንዱ ከሌላው በ20 በመቶ ይበልጣል። ልቧ ወደ ትልቁ እንደሄደ ገና ስታወራ ያስታውቃል። "ስንት ቡድን ናቸው?" አልኳት። አልጠየቀችም። እዚያው ደወለች።

"አምስት ናቸው ብለውኛል፤ አምስተኛውን እየቀጠሩ ነው" አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቀጥሩት?"

እንደገና ደወለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች በሁለት ጣቷ አሳየችኝ። ሁለት ወር መስሎኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ነው።